የሙሽራዋ መርፌ

ዚነትን «ቁጡ ናት» ይሏታል። ቁጡ ናታ! እሷ ላይ የደረሰው ደርሶበት የማይቆጣ ካለ እሱ ሰው ሳይሆን ግንድ ነው። በሃያ ዓመቷ፣ የእጇ ሂና ገና ሳይለቅ፣ የገዛ እናቷ ለአፈር ልትዳርጋት ነበር። ያውም የምትወዳት እናቷ። ያውም «ለአንቺው ብዬ እኮ ነው» እያለች።

ዚነት የዋጃ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ሞቶ፣ እናቷ ኡሙሃኒ ገበያ ላይ ማሽላ እየሰፈረች አሳደገቻት። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ውሃ አልጠግብ አለች። ጆግ ሙሉ ጠጥታ ሌላ ጆግ ትደግማለች፤ ለሽንት ስትወጣ ስትገባ ታድራለች፤ ሥጋዋ አልቆ ቀሚሷ እላይዋ ላይ ተንጠለጠለ። ሰዉስ ምን አለ? «ራያ ቆላ ነው፤ በዚህ ሙቀት ማን ያልጠማው አለ?» አለ። ክሳቷን ሲያይ ደግሞ «እየረዘመች ነው» አለ። እየረዘመች! ክፍል ውስጥ ተዘርራ መምህሯ ተሸክሞ ቆቦ ሆስፒታል ባያደርሳት ኖሮ፣ ርዝመቷን መቃብር ቆፋሪ ይለካላት ነበር።

ስትነቃ ራስጌዋ የቆመችው ሲስተር የትናየት የምትባል፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች። ሲስተር የትናየት ስትናገር አታለባብስም።

«ስኳር በሽታ ነው ያለብሽ። ያንቺው ዓይነት ደግሞ በክኒን የሚሆን አይደለም። ሰውነትሽ ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል፤ ከዛሬ ጀምሮ በመርፌ ትወስጃለሽ።»

«እስከ መቼ?» አለች ዚነት።

«እስካለሽ ድረስ። አንድ ነገር ልንገርሽና በደንብ ያዥው። ይኼ መርፌ የምግብ ማወራረጃ አይደለም፤ የመኖሪያ ነው። ብትበዪም ባትበዪም፣ ብትታመሚም ብትድኚም፣ ጨርሰሽ አታቆሚውም። መጠኑ ሊጨመር ሊቀነስ ይችላል፤ እሱን እኛ እንነግርሻለን። ማቆም ግን የለም።»

ዚነት ይችን ነገር እንደ ቁርኣን ያዘቻት። ራሷን መውጋት ተማረች። ቤታቸው ማቀዝቀዣ የለም፤ የዋጃ ሙቀት ደግሞ መድኃኒት ይፈጃል፤ ስለዚህ ብልቃጧን ትንሽ ገንቦ ውስጥ አድርጋ እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ማታ አሸዋውን ውሃ ታርከፈክፈዋለች። እንዲህ አድርጋ ትምህርቷን ጨረሰች፤ ወዟም ተመለሰ።

እናትየዋ የያዘችው ግን ሌላ ነገር ነው። ገመና! ጎረቤት ሲመጣ «ገንቦውን ሸፍኚው!» ነው። ዘመድ ሲያድር «ጓሮ ሄደሽ ተወጊ!» ነው። ልጅቱ ጓሮ ከግራር ሥር፣ እናቷ በነጠላ እየጋረደቻት፣ እንደ ሌባ ተደብቃ መርፌዋን ስትወጋ ስድስት ዓመት ሞላት። ምን ሰርቃ? «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ትላለች ኡሙሃኒ። ይውላል እንጂ! «መቃብሩ ግን የልጅሽ ነው የሚሆነው» የሚላት ሰው አልነበረም።

ታዲያ ሁለት ሺህ ስድስት ላይ፣ ጎብዬ አካባቢ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት የሚያለማ ዘካሪያስ የሚባል ጎልማሳ ቆቦ ገበያ አያትና ሽማግሌ ላከ። ዚነትም አልጠላችውም። ግን እናቷን «አስቀድሞ ይነገረው» አለቻት።

«ምኑ?»

«ስኳሬ ነዋ! ምን ሌላ አለ?»

ኡሙሃኒ ብድግ አለች። «ብትናገሪ ያጠባሁሽ ጡቴ ይፍረድብሽ! አንዴ ቤትሽን ያዥ፣ አንድ ልጅ ውለጂ፤ ያን ጊዜ ይሰማል።»

ዚነት ተቆጣች፤ አኮረፈች፤ ሁለት ቀን ከእናቷ ጋር አልተነጋገረችም። ግን ጡት ነዋ የተማለባት። እንግዲህ እሷስ ልጅ አይደለች? በመጨረሻ «እሺ፣ እስከ መልስ ድረስ ዝም እላለሁ፤ ተደብቄ እወጋለሁ» አለች። ብልቃጧን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከሲሪንጆቿ ጋር ከሙሽራ ሻንጣዋ ጥግ አስቀመጠች። በሠርጉ ጠዋት ጓሮ ሄዳ ተወጋች፤ መልሳ ከሻንጣው ከተተች፤ ከዚያ ሂናውና እልልታው መጣ።

የዘካሪያስ የመጀመሪያ ሚዜ እንዳለው ይባላል፤ ቆቦ ባጃጅ የሚነዳ፣ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን፣ ከዘካሪያስ ጋር አብሮ የተማረ። ለእሱና ለመሰሎቹ ለብቻ ታርዶላቸው በሉ፣ ጠጡ። ሙሽራዋን ሲረከብ እንደ ወጉ ከእናቷ ፊት ቆሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ ነኝ፤ የከፋት ቀን ለእኔ ትናገር» ብሎ ማለ። ሁሉም ሚዜ የሚለው ነው፤ ሁሉም የሚረሳው ነው።

ዘካሪያስ ቤት ደርሰው ሴቶቹ ጫጉላው ቤት አስገብተዋት ሲወጡ ዚነት ሻንጣዋን ከፈተች። ጥጉ ባዶ ነው። ቀሚሶቹን አወጣች፣ ሽቶዋን አወጣች፣ ሻንጣውን ገለበጠች። ብልቃጥ የለም፤ ሲሪንጅ የለም። እናትየዋ ሻንጣውን ስትዘጋ መንትፋዋለች። ዚነት ሻርፗን አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰች፤ አለበለዚያ ያ ሁሉ ሠርገኛ ጩኸቷን ይሰማ ነበር።

በማግስቱ አክስቷ ትርንጎ የቤተሰቡን ምግብ ይዛ መጣች። ዚነት ሰው ፈንጠር ሲልላት ጆሮዋ ሥር ሄደች።

«መድኃኒቴ የታለ?»

«ኧረ ቀስ በይ! እናትሽ ጋ ነው» አለች ትርንጎ። «እስከ መልስ ትቻለው ብላለች። ሙሽራ መቼም አትበላ፤ ካልበላሽ ደግሞ ስኳሩ ከየት ይመጣል? ለማትበላ ልጅ መርፌ ምን ይሠራላታል ነው የምትል።»

እዩልኝ እንግዲህ! በዚያ አገር ወግ ሙሽራ አትበላም። አንድ ጉርሻ ብትጎርስ ሁለተኛውን እምቢ ትላለች፤ ቶሎ ቶሎ የምታላምጥ ሙሽራ «ሆዳም» ትባላለች። ኡሙሃኒም ይኼንን ወግና ያንን በሽታ አንድ ላይ አስባ፣ ደስ ብሏት፣ መላ ያገኘች መስሏት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለክትትል አብራት ስትመላለስ ሲስተር የትናየት የተናገረችውን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በአንዱ አፍስሳዋለች።

«አክስቴ፣ እሞታለሁ እኮ» አለች ዚነት።

«አብሽሪ፤ ሙሽራ አትሞትም» ብላ ትርንጎ ሳቀች። ሄደችም።

ጥማቱ ጀመረ። ውሃ ስጡኝ፣ ውሃ። ደጋግማም ትወጣለች፤ ሙሽራ ደግሞ እንደ ልቧ አትወጣ፤ ተሸፋፍና፣ ሴት ተከትሏት፣ ሰዉ እያየ። ቀጥሎ ሆዷን ቁርጠት ያዛት። በማግስቱ ጠዋት ማስታወክ ጀመረች።

አማቷ ጌጤ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት። አንዴ ስታስታውክ ዝም አለች። ሁለተኛ ስትደግም ከንፈሯን ነከሰች። ሦስተኛ ሲሆን ዘካሪያስን ጠርታ፣ ሙሽራዋ እንድትሰማ አድርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ በሁለት ቀኗ የምታስታውክ ሙሽራ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። የሰው እርጉዝ ነው ያስረከቡህ» አለችው።

ዘካሪያስ ምን ቢል ጥሩ ነው? መሬት መሬት አየ።

ዚነት ከመደቡ ላይ ተነስታ ተቀመጠች። ራሷን ያዞራታል፤ ትንፋሿ እንደሮጠ ሰው ከሆዷ ድረስ እየተሳበ ይወጣል። በዚያ ሁሉ ላይ ግን ንዴቷ አልደከመም። እንዲያውም ያቆማት እሱ ነው። እናቷ ደበቀቻት፤ አክስቷ ሳቀችባት፤ አማቷ ባለጌ አደረገቻት፤ ባሏ መሬት ያያል። እና ለማን ብላ ነው ዝም የምትለው? «እንዳለውን ጥሩልኝ» አለች። ሙሽራ ሚዜዋን ብታስጠራ ማንም አይከለክላትም።

እንዳለው እየሳቀ ገባ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«ወንድሜ ነህ አይደል?» አለችው። «ስማኝ። የስኳር በሽታ አለብኝ። በየቀኑ መርፌ እወጋለሁ። እናቴ መድኃኒቴን ከሻንጣዬ አውጥታ አስቀርታብኛለች። አሁን ካልደረሳችሁልኝ እሞታለሁ።»

እንዳለው ስልኩን አውጥቶ ኡሙሃኒ ጋ ደወለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ዚነት ሁሉንም ሰማች።

«እማማ ኡሙሃኒ፣ ዚነት ታማለች። ስኳር አለብኝ፣ መድኃኒት አምጡልኝ ትላለች።»

ኡሙሃኒም «ኧረ ምንም የለባት! ናፍቆት ነው ልጄ፤ የእናቷ ቤት ናፍቋት ነው። ጤነኛ ልጅ ነው የሰጠኋችሁ፤ ወላሂ!» አለች።

ወላሂ አለች! በአላህ ስም! ዚነት በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ የተናደደችበት ጊዜ የለም። ሞትም ቢሆን ይቅርታ ያለው ነው፤ የወለደችሽ እናት በስልክ ስትክድሽ መስማት ግን ምን ይባላል? እንዳለው ስልኩን ዘግቶ፣ አንዴ ስልኩን አንዴ እሷን ያያል። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችና ክንዷን አዞረችለት። የመርፌ ነጠብጣቡ፣ የጠጠረው ቆዳ፣ የስድስት ዓመቱ ሁሉ እዚያ አለ።

«ናፍቆት ነው ይኼ? ንገረኝ፣ ናፍቆት እንዲህ ይበሳል?»

እንዳለው በጋቢዋ ጠቅልሎ አቀፋትና ተነሣ።

በሩ ላይ ጌጤ እጇን ዘርግታ ቆመች። «ሙሽራ ከጫጉላ ወዴት? ሰው ምን ይላል?»

«ይበላ!» አለ እንዳለው። «እማማ፣ ዞር በሉልኝ፤ ትሞትብኛለች።»

«ዘካሪያስ! ሚስትህን ሲወስድብህ ቆመህ ታያለህ?»

ዘካሪያስ ቆሞ ያያል። ዚነት ከእንዳለው ትከሻ ላይ ቀና ብላ፣ በዚያ በተቆራረጠ ትንፋሿ፣ «አንተ፣ ባሌ ነህ ጎረቤቴ? ባል ከሆንክ ባጃጁ ላይ ውጣ! ካልሆንክም መንገድ ልቀቅ!» አለችው። ሰውየው ያኔ ነው የነቃ። እናቱን በትከሻዋ ይዞ ገለል አደረጋትና ተከትሎ ሮጠ። የሠርጉ አበባና ሪባን ገና ያልወረደለት ባጃጅ አስፋልቱን ይዞ ወደ ቆቦ ከነፈ። መንገደኛው የሠርግ አጀብ መስሎት እልል ይል ነበር።

ሲስተር የትናየት በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። ጎንበስ ብላ ትንፋሿን ስታሸት የበሰበሰ ፍራፍሬ ሽታ መታት፤ ሌላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። «መቼ ነው የተወጋሽው?» አለች ብቻ።

«የሠርጌ ጠዋት።»

«አብዳችኋል!» አለች ሲስተር የትናየት፣ ሁሉንም በአንድነት።

ሐኪሙ ተጠራ፤ ደሟና ሽንቷ ተመረመረ። ስኳሩ መለኪያው ከሚያነበው በላይ ነው፤ ሽንቷ ኬቶን በሚሉት መርዝ ተሞልቷል። ሰውነቷ ደርቆ ስለነበር መጀመሪያ በሁለት እጇ የጨው ውሃ ለቀቁባት። ኢንሱሊኑን ደግሞ በትንሽ በትንሹ፣ በየሰዓቱ ጣቷን እየወጉ፣ እየለኩ ሰጧት። ልቧ እንዳይታወክም ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ከሚንጠባጠበው ጋር ቀላቀሉላት። ዚነት አንዴ ትነቃለች፣ አንዴ ራሷን ትስታለች። ዘካሪያስ እግሯ ሥር ተቀምጦ ያቺን የምትንጠባጠብ ውሃ ያያል። ሲመሽ ስኳሯ እየወረደ መጣና ሲስተር የትናየት ግሉኮስ አምጥታ ስትሰቅል ሰውየው ከወንበሩ ዘለለ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ስኳር ገደላት እያላችሁ ስኳር ትሰጧታላችሁ?»

«ቁጭ በል!» አለችው። «የገደላት ስኳሩ ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነቷ ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ የራሱን ስብ ማንደድ ጀመረ፤ ደሟን የመረዘው የዚያ ጭስ ነው። ጭሱ እስኪጠራ ኢንሱሊኑ መቆም የለበትም። ኢንሱሊኑ ሳይቆም ስኳሩ ከልክ በታች እንዳይወርድ ነው ይኼን የምሰጣት። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እና ባትበላም መርፌው ያስፈልጋት ነበር?» አላት።

«ባትበላም! ጉበቷ ራሱ ስኳር ያመነጫል። ሰው ባይበላም እስትንፋስ አያቆም፤ ይኼም እንደዚያው ነው።»

ዚነት ዳነች። ጌጤ በሦስተኛው ቀን አጥሚት ይዛ መጣች፤ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ «ምላሴ ይቆረጥ፤ ያልሆንሽውን ብዬሻለሁ» አለች። ዚነት አጥሚቱን ተቀበለች። ይቅርታውን ግን ያን ቀን አልሰጠችም፤ «ይቆይ» አለቻት። ኡሙሃኒም መጥታ ነበር፤ ዚነት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

የተራዘመው መልስ ዋጃ ተደረገ፤ ግን ድግስ ከመሆኑ በፊት ሽምግልና ሆነ። የዘካሪያስ አጎት አባ ሞላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው፣ ኡሙሃኒን ከፊታቸው አቆሟት።

«ልጅሽ በሽተኛ መሆኗን ደብቀሽ ሰጥተሽናል። ይኼ ነውር ነው አይደለም?»

ኡሙሃኒ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ታለቅሳለች። «ነውር ነው አባቶቼ። ልጄን ሰው እንዳይጠላት ብዬ ነው።»

አባ ሞላ ወደ ዘካሪያስ ዞሩ። «አንተስ? ትፈታታለህ ወይስ ትኖራለህ?»

«እኖራለሁ» አለ ዘካሪያስ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«ጮክ በል!» አለች ዚነት ከሴቶቹ መሐል። ሙሽራ በሽማግሌ ፊት ስትናገር ያልተሰማ ነውና ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«አብሬያት እኖራለሁ!» አለ ዘካሪያስ።

«ይሁን፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ አባ ሞላ። «እንግዲህ እናትና ልጅም ይቅር ተባባሉና ወደ ማዕዱ እንሂድ።»

«ቆይ!» አለች ዚነት። ተነሣች። «አባቶች፣ እናንተ የጠየቃችሁት እናንተ ስለተታለላችሁ ነው። እኔ ለሞት ስለቀረብኩት የጠየቀ አለ? 'በሽተኛ ሰጠችን' ነው ያላችሁት። እኔ ግን ስድስት ዓመት ጤነኛ ነበርኩ፤ መርፌዬን ይዤ። በሽተኛ የሆንኩት እናንተን ስንፈራ ነው።»

አባ ሞላ ጢማቸውን ያዙ።

«ልጄ» አለች ኡሙሃኒ፣ ጉልበቷ ላይ ወድቃ። «ባል ሳታገኚ እንዳታረጂብኝ ፈርቼ ነው እኮ!»

«ላርጅ!» አለች ዚነት። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፤ እንባውም የንዴት ነው። «ላርጅ እንጂ እማ! የሚያረጀው እኮ የኖረ ሰው ነው!»

ኡሙሃኒ አፏን ከፍታ፣ እጆቿን መሬት ላይ ዘርግታ ቀረች። ከሴቶቹ አንዷ ተንሰቀሰቀች። ቆይቶ ማዕዱ መጣ፤ ወጡ ተጨለፈ፤ ሰዉ ግን እጁን አልሰደደም። ዚነት ቦርሳዋን ከፈተች። ብልቃጧን አወጣች፣ ሲሪንጁን አወጣች፣ ወደ ብርሃን አንስታ መጠኑን እየተመለከተች ሳበች። እጅጌዋን ስትሰበስብ ኡሙሃኒ ከወደቀችበት ተነሥታ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ እንደ መጋረጃ ዘርግታ ከፊቷ ቆመች። ልማድ ነው፤ ስድስት ዓመት እንዲያ ስታደርግ ኖራለች።

«አውርጂው እማ» አለች ዚነት። «ይዩኝ።»

ኡሙሃኒ ነጠላውን አወረደች። ዚነት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተወጋች፤ ከዚያ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበችና ከሁሉ ቀድማ ጎረሰች።